ቃሬዛ የተሸከመ ትከሻ ግንዛቤ አልጎደለውም

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የተጋበዙ የጤና ዘርፍ ኃላፊ፣ የገጠር እናቶች ዛሬም ቤታቸው የሚወልዱት በግንዛቤ እጥረት ነው አሉ። በዚህ አላበቁም። በአንዳንድ ቀበሌዎች ቤቷ የወለደች እናት ወይም ባሏ ገንዘብ እንዲቀጡ የሚያደርግ የአካባቢ ደንብ መውጣቱን አንሥተው፣ ውጤት ስላመጣ በሌላውም ቦታ ቢለመድ ጥሩ ነው ብለው አከሉበት። አወያዩ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። ነገሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ።

የሰውየውን ስም አላነሣም፤ አባባሉ የእሳቸው ብቻ አይደለምና። «የግንዛቤ እጥረት» የምትባለውን ሐረግ ያልሰማሁበት የጤና ስብሰባ የለም። ለምን እንደምትወደድም ይገባኛል። ችግሩ ግንዛቤ ነው ከተባለ መንገድ ያልሠራ አይጠየቅም፤ ለአምቡላንስ ነዳጅ ያልመደበ አይጠየቅም፤ ደም ያላቀረበም አይጠየቅም። ተጠያቂዋ በምጥ የተያዘችው ሴት ትሆናለች። መፍትሔውም ሥልጠና ነው፤ ሥልጠናው ካልሠራ ደግሞ መቀጫ።

እንግዲህ የገጠሩ ሰው ግንዛቤ ምን እንደሚመስል በዓይኔ ያየሁትን ልናገር።

ያደግኩት ደቡብ ወሎ፣ ደጋው ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ለክረምት እረፍት ቤተሰብ ዘንድ በሄድኩበት ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ የአጎቴን ሚስት ምጥ ያዛት። እትዬ ነው የምላት፤ አራተኛ ልጇ ነበር። ምጡ ማክሰኞ ማታ ጀመረ። ረቡዕ ገና ሳይነጋ የጤና ኤክስቴንሽኗ ተጠርታ መጣች፤ አየቻትና አጎቴን ወደ ደጅ ወስዳ፣ «ጋሼ፣ አመጣጡ ደህና አይደለም፤ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ቶሎ ትውጣ» አለችው። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ እኔና የአጎቴ ልጅ ሮጠን ወጣን። የወረዳው አምቡላንስ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል ተባልን። በስድስት ሰዓት ደግመን ደወልን፤ ተመልሷል፣ ግን ነዳጅ እየተጠየቀለት ነው አሉን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሹፌሩ ራሱ ስልኩን አነሣና እውነቱን ነገረን። «ወንድሜ፣ መኪናው ቢንቀሳቀስም እናንተ ጋ አይደርስም። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል። እስከ አስፋልቱ አምጧት፣ እዚያ እጠብቃችኋለሁ።» አስፋልቱ በጤነኛ እግር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።

ቃሬዛው ከቅሬ ዳኛው ቤት መጣ፤ ቅሬ በወሎ እድር ማለት ነው። አይተውት ለማያውቁ የከተማ አንባቢዎች ልንገራቸው፤ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ነው፣ መሐሉ እንደ አልጋ በጠፍር የተጠለፈ። ትከሻ የሚያርፍበት ቦታ ከብዙ ዓመት መሸከም የተነሣ ልስልስ ብሎ ጠቁሯል። እትዬን በጋቢ ጠቅልለው አስተኟት፤ ከላይ ሸራ አለበሷት። ጥሪው በተሰማ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሃያ ሁለት ወንዶች ተሰብስበው ነበር። ነሐሴ የአረም ወር ነው፤ አንዱም ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አልነበረም። አራት አራት እየሆኑ ተሸከሙ። ኮንጎ ጫማቸውን ጭቃው ሲይዝባቸው እዚያው እየተዉት በባዶ እግራቸው ሄዱ። የደከመው «ቀይር!» ሲል ሌላው ከሥር ገብቶ ይቀበለዋል፤ ቃሬዛው አይቆምም። አንዱ «ያ አላህ» ይላል፣ ሌላው «እመቤቴ ማርያም» ይላል፤ ወሎ ነው። እትዬ ስታቃስት ከፊት ያሉት ሽማግሌ ዞር ሳይሉ «አይዞሽ እታለም፣ ደረስን» ይሏታል። አልደረስንም ነበር።

ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። አራት ሰዓት ያህል ዳር ላይ ቆምን። ጭቃ ላይ ሊያስቀምጧት ስላልወደዱ ያን ሁሉ ጊዜ ቃሬዛውን በየተራ በትከሻቸው እንደያዙ ቆዩ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ ውኃው ጎደል ሲል ገመድ ዘርግተው፣ እስከ ደረታቸው ገብተው፣ ከራሳቸው በላይ አንሥተው አሻገሯት። ሹፌሩ ቃሉን ጠብቆ አስፋልቱ ላይ ነበር። ጤና ጣቢያ ስንደርስ የተገኘችው አንዲት አዋላጅ ነርስ ናት፤ የምትችለውን አደረገችና ወደ ሆስፒታል ጻፈችልን። ሆስፒታሉ ሌላ ሁለት ሰዓት። እትዬ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሐሙስ ጠዋት ነው። ልጁ ሞቶ ወጣ። ወንድ ነበር። እሷ ተረፈች።

አሁን ኃላፊውን የምጠይቀው፣ ከነዚያ ሃያ ሁለት ሰዎች ግንዛቤ የጎደለው የትኛው ነው? ገና ሳይነጋ ባለሙያ ያስጠራው አጎቴ ነው? ደጋግመው የደወሉት ልጆች ናቸው? ውኃ ውስጥ የገቡት ናቸው? ወይስ ሕይወቷ እየወጣ ሳለ «ሆስፒታል አድርሱኝ» ትል የነበረችው እትዬ ናት?

መቀጫ ከተነሣ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ቅሬው መቀጫ አለው፤ ከጥንትም ነበረው። ለቃሬዛ ተጠርቶ ያልወጣ ሰው ይቀጣል። ሰበብ የሚቆጠርለት የታመመና ለቅሶ ላይ ያለ ብቻ ነው። ገበያ ነበርኩ አይሠራም፤ በሬዬ ጠፍቶ ነበርም አይሠራም። ማንም አዋጅ ሳያወጣላቸው፣ ማንም በጀት ሳይመድብላቸው፣ የታመመን ሰው ሐኪም ዘንድ ማድረስ የሁሉም ግዴታ ነው ብለው ደንብ የጻፉ ሰዎች ናቸው። መቀጫውን የጣሉት ትከሻ እያለው በቀረ ሰው ላይ ነው። የኛ ኃላፊ መቀጫውን ሊጥሉ ያሰቡት በታማሚዋ ላይ ነው። ከሁለቱ ስለ ጤና የተሻለ ግንዛቤ ያለው የትኛው እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ቃሬዛ ላይ ይህን ያህል የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህች አገር ውስጥ የገጠሩ ሰው ሕክምና እንደሚፈልግ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማምጣት አይቻልም። ሕክምና የማይፈልግ ሰው ቃሬዛ አይሠራም። ሠርቶም በዳኛ ቤት አያስቀምጥም፣ ጠፍሩ ሲላላ አያድስም፣ ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ተራ አያስገባም። በዝናብ ሦስት ሰዓት የሚሸከም ማኅበረሰብ ስለ ሕክምና ጥቅም የሚሰጠው ትምህርት እንጂ የሚቀበለው ትምህርት የለውም። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ ጎረቤቱን አንድ ፌርማታ ተሸክሞ አያውቅም። መሸከም አያስፈልገውም፤ ታክሲ አለ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

እንዲህ ስል የሚሰጠኝን መልስ አውቃለሁ፤ «ጥናቱ እኮ ሌላ ነው የሚለው» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤታቸው የወለዱ እናቶች ለምን ጤና ተቋም እንዳልሄዱ ሲጠየቁ፣ ከ10ሩ 6 ያህሉ «አስፈላጊ አይደለም» ብለዋል። የግንዛቤ ሰዎች ይህችን ቁጥር እንደ ክታብ አንገታቸው ላይ አስረዋታል። ግን ጥያቄው እንዴት እንደሚጠየቅ አስቡት። አንድ የከተማ ልጅ ወረቀት ይዞ በረት አጠገብ ቆሟል። እናቲቱ ሕፃን አዝላለች፤ ወልዳ ተርፋለች። ለምን አልሄድሽም ይላታል። መንገድ የለም ብትለው እንደማይሠራላት ታውቃለች፤ ብር የለኝም ማለት ያሳፍራታል። አላስፈለገም አለችው። የተረፈች ሴት ሌላ ምን ትላለች? ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የሚገባቸው ያልተረፉት ነበሩ።

በዚያው በመንግሥት ጥናት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ዙር፣ ሴቶች ሕክምና እንዳያገኙ ምን እንደሚያስቸግራቸው ተጠይቀው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገንዘብ፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ርቀት ብለዋል። ይህን ቁጥር በቴሌቪዥን ሲጠቅሰው የሰማሁት ኃላፊ የለም።

ከሁሉ በላይ የግንዛቤን ወሬ ዋጋ የሚያሳጣው ግን የራሱ የመንግሥት ስኬት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በገጠር ከ100 እናቶች ጤና ተቋም የወለዱት 4 ብቻ ነበሩ። በ2016 20 ሆኑ። በ2019 40 ደረሱ። በስምንት ዓመት ውስጥ አሥር እጥፍ! የሕዝብ ባህልና አስተሳሰብ በስምንት ዓመት አሥር እጥፍ አይለወጥም። የተለወጠው በአቅራቢያው ያለው ነገር ነው። ጤና ጣቢያ ተሠራ፣ አዋላጅ ነርስ ተመደበች፣ ወሊድ በነፃ ሆነ፣ ለወረዳዎች አምቡላንስ ተገዛ፣ በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት ማቆያ ቤት ተከፍቶ ገንፎና ቡና ሁሉ ተዘጋጀ። በሩ ሲከፈት ሰዉ ገባ። ያልገባው በሩ ያልደረሰበት ነው።

እዚህ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶችን ድካም አልክድም። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከ30 ሺህ በላይ የሆኑ ወጣቶች ቤት ለቤት እየዞሩ አስተምረዋል፤ ከተባለላቸውም በላይ ሠርተዋል። ሆኖም ይህ ለኃላፊው ክርክር አይጠቅምም። ሃያ ዓመት ከተማረ በኋላም ያልገባው ሕዝብ ነው የሚሉን ከሆነ የሚሰድቡት ገበሬውን ብቻ አይደለም፤ እነዚያንም ሴቶች ነው። ትምህርቱ ተሰጥቷል። እትዬን ለመውሰድ ገና ሳይነጋ ሩጫ የተጀመረው ትምህርቱ ስለገባቸው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የቤት ሥራ የመንግሥት ነበር።

የጤና ባለሙያዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚሏቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን ላይ የሚባክነው ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ፣ ሦስተኛው ተቋሙ ከደረሱ በኋላ። በኛ አገር ውይይት ላይ የሚወራው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እሱ ነዋ ጥፋቱን ወደ ቤተሰብ የሚያዞረው። የመጀመሪያው መዘግየት ግን ከሌሎቹ የሚወለድ ነው። መንገዱ እንደሚያንገላታው፣ ደርሶም መድኃኒት የለም እንደሚባል የሚያውቅ ሰው ለመወሰን ያመነታል። ማመንታቱ ካለማወቅ የመጣ አይደለም። በደንብ ስለሚያውቅ ነው። ባለፈው ዓመት የጎረቤቱን ሚስት ተሸክሞ ሄዶ ሬሳ ይዞ የተመለሰ ሰው ነው።

ደርሰውስ ምን ያገኛሉ? ጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በአገር ደረጃ ከ26 በመቶ ወደ 48 በመቶ ባደጉበት በ2016ና በ2019 እ.ኤ.አ. መካከል፣ በተወለዱ በአንድ ወር ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከ1,000 ከ29 ወደ 33 ነው የሄደው። እናቶቹ እንደተባሉት መጡ፤ የሕፃናቱ ሞት ግን አልቀነሰም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ደሙን የሚያቆመው ኦክሲቶሲን የሚባል መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መብራት ሦስት ቀን የሚጠፋበት፣ ጄኔሬተሩ የተበላሸ ጤና ጣቢያ ውስጥ መርፌው ብልቃጡ ውስጥ እንዳለ ይሞታል። ይህንንም ግንዛቤ አያቀዘቅዘውም።

ቀዶ ሕክምናን ደግሞ ተመልከቱት። በ2016ቱ ጥናት በአዲስ አበባ ከ100 ወሊዶች 21 ያህሉ በኦፕራሲዮን ነበሩ። በአገር ደረጃ 2። በከተማው ከሚያስፈልገው በላይ ይቀደዳል የሚል ክርክር አለ፤ እሱን ለባለሙያዎች እተዋለሁ። ሁለት በመቶ ማለት ግን መውለድ ያቃታቸው አብዛኞቹ የገጠር ሴቶች ቢላዋው ሳይደርስላቸው ቀርቷል ማለት ነው። ሕፃኑ ተሰንቅሮ የቀረባት ሴት አርግዛ የማቆያ ቤት ብታድር፣ ሥልጠና ብትወስድ፣ መቀጫ ብትከፍል፣ የሚያስፈልጋት አንድ ነገር ነው። የኦፕራሲዮን ክፍል፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ሰው፣ ደም።

ይህ ሳይገኝ ሲቀር የሚሆነውን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እትዬ ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቱ ሽንቷ ይፈስ ጀመር። ፊስቱላ ነበር፤ ምጥ ሲራዘም የሽንት ፊኛ ላይ የሚፈጠር ቀዳዳ ነው። ከዚያ ለወራት ከጓዳ አልወጣችም፤ ሰው ሲመጣ ራቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ጠረኑ እንዳይሰማ ጤናዳም ታሽ ነበር። በኋላ ታክማ ዳነች፤ ስለዚህ የሐምሊን ቤተሰብ ያቆሙትን ሥራ በምስጋና እንጂ በሌላ አላነሣውም። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው አዲስ አበባ ውስጥ የፊስቱላ ሆስፒታሉን የከፈቱት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ድረስ ቅርንጫፍ ኖሮታል። ፊስቱላ ግን ባደጉት አገሮች የጠፋ በሽታ ነው። የጠፋውም ሴቶቹ ስለተማሩ ብቻ አይደለም፤ ምጥ ሲቆም በሰዓቱ የሚቀድ ሐኪም ስለተገኘ ነው። የርቀት በሽታ ነው። ቦሌ የምትኖር ሴት በፊስቱላ አትያዝም። ይህን አንድ እውነት ብቻ ይዞ መከራከር ይበቃኝ ነበር።

«ሽፋን» የሚባለውስ? በየዓመቱ የጤና ሽፋናችን ዘጠና ምናምን በመቶ ደርሷል ይባላል። አሠራሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የጤና ጣቢያው ቁጥር አንዱ ለ25 ሺህ ሰው ተብሎ ይባዛና ለሕዝቡ ብዛት ይካፈላል። ቆርቆሮው ከታየ ሕዝቡ ተሸፍኗል። ውስጡ ውኃ ይኑር አይኑር፣ አዋላጅዋ ፈቃድ ትውጣ አትውጣ፣ ወንዙ ማዶ ይሁን ወዲህ፣ ስሌቱ አይጠይቅም። በዚያ ስሌት እትዬ የተሸፈነች ነበረች። ልጇም ተሸፍኖ ነው የሞተው።

የጤና መድኑም ቢሆን ሐሳቡ ደግ ነው፣ ብዙ ድሃ አሳክሟል። ሆኖም ገበሬው እህሉን ሸጦ ዓመታዊ መዋጮውን ከፍሎ ሲሄድ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። በከተማ «ከውጭ» ማለት መንገዱን መሻገር ነው። በገጠር «ከውጭ» ማለት የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ አንዳንዴም በጭራሽ ማለት ነው። አንዲቱ ቃል በሁለት ቦታ ሁለት ፍርድ ናት።

ሐኪሞች ገጠር መሄድ አይፈልጉም የሚል ሌላ ሰበብም አለ። ይህችም እንደ ግንዛቤዋ ጥፋቱን ከላይ ወደ ታች የምታወርድ ናት። በቅርብ ዓመታት የሕክምና ዶክተሮች ተመርቀው ሥራ አጥተው ቤታቸው ሲቀመጡ አይተናል። ሰባት ዓመት ገደማ የተማረ ሐኪም ሥራ ፈትቶ፣ ሐኪም አይቶ የማያውቅ ወረዳ ደግሞ ሕመምተኛውን በቃሬዛ ይልካል፤ በሁለቱ መካከል የቆመው የክልል በጀት ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደሞዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ የተሰጣቸውን መልስም አልረሳነውም፤ ከታሰሩት ውስጥ ነጭ ጋወን የሚለብሱ ነበሩበት። ማደሪያ ቤት የሌለው፣ ውኃ የሌለው፣ ደሞዙ ግማሽ ወር የማያደርስ ቦታ ላይ ሰው አልቆይም ሲል የአገር ፍቅር ጎደለው አይባልም። ሲፈለግ መንገዱ እንዳለ ደግሞ ታይቷል። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሥልጠና ጤና መኮንኖችን አብቅቶ ወረዳ ላይ ኦፕራሲዮን እንዲሠሩ አድርጓል። የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጃገረዶችን ከገጠር መልምሎ፣ አስተምሮ ወደመጡበት ይመልሳል። የአገሯን ወንዝ የምታውቅ አዋላጅ ከየትኛውም ፖስተር ትበልጣለች።

የከተማ ድሃም ይቸገራል፣ አውቃለሁ። የመርካቶ ተሸካሚ ለአልጋ ወረፋ ወራት ይጠብቃል። ሆኖም እሱ የሚጠብቀው በሩ ላይ ቆሞ ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ በጠዋት ግቡ፤ በፌስታል የተጠቀለለ ራጅ ብብታቸው ሥር ይዘው አጥር ሥር የተቀመጡት እነማን እንደሆኑ ጠይቁ። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው እዚያ ብቻ ስለነበር ከየጠረፉ በሬውን ሸጦ የመጣ ሰው ለቀጠሮው ሲል መኝታ ተከራይቶ፣ ብሩ ሲያልቅ ደጅ ላይ አድሮ፣ ከመታከሙ በፊት ስንቁ አልቆ ተመልሷል። ይህ ሰው ግንዛቤ ጎድሎታል የሚል ካለ ፊቱ ቆሞ ይንገረው።

ደግሞስ መንገድ በተዘጋበት፣ ጦርነቱ ጤና ተቋማትን ባራቆተበት አካባቢ ያለችን እናት በምን አፍ ነው የምንቀጣት? በሰሜኑ ጦርነት አልጋና ማይክሮስኮፕ ሳይቀር የተጫነባቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ። ለዚያ የተቀጣ የለም።

ቀበሌያችን ባለፈው ዓመት ሄጄ ነበር። ዝናቡ የቆረጠው መንገድ አንድ ጊዜ ተጠግኖ እንደገና ተቆርጧል። ድልድዩ ለሦስተኛ ጊዜ ተጠንቷል አሉኝ። ቃሬዛው ዳኛው ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ ጠፍሩ አዲስ ነው፣ ከአንዱ ጎን አጣናው ተቀይሯል። ዘንድሮ ስንት ጊዜ ወጣ አልኳቸው። ዳኛው በጣታቸው ቆጥረው «አምስቴ» አሉኝ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ወላዶች ነበሩ።

ኃላፊው በሚቀጥለው ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርቡ ይዘውልን እንዲመጡ የምጠይቃቸው ጥቂት ነገሮች ናቸው። በነሐሴ ወር በየወረዳው ስንት አምቡላንስ ነዳጅ ኖሮት ተንቀሳቀሰ? የኦፕራሲዮን ክፍል ካላቸው የወረዳ ሆስፒታሎች ውስጥ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የሚሠራው ስንቱ ነው? ከአንዲት ወላድ ቤት እስከዚያ ክፍል ድረስ በክረምት ስንት ሰዓት ይፈጃል? እነዚህን ቆጥረው ያምጡልን። መቀጫውን ያን ጊዜ እንነጋገርበታለን፤ በማን ላይ እንደሚጣል አብረን እናያለን።